የተማሪ አቴንዳንስ ሲስተም ላይ ሲሳሳት እንዴት ይጣራል? እንዴትስ ይታረማል?

«ልጁ ክፍል ውስጥ ነበር። ሲስተሙ ግን ቀሪ ይለዋል። ምን ላድርግ?»

ካርድ የሚሰጥበት ሰሞን በደረሰ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣልኛል። ከቱሉ ዲምቱም፣ ከየካ አባዶም፣ ከቦሌ አራብሳም ይደወላል። የሚጠይቁኝ የክፍል ኃላፊ መምህራንና የሪከርድ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ይቸኩላሉ፤ ማወቅ የሚፈልጉት «የቱን ልጫን?» የሚለውን ብቻ ነው። መጫኑ ቀላል ነው። ዋናው ሥራ ከመጫን በፊት ያለው ማጣራት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

የእርስዎ ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሊለይ ይችላል። የቁልፎቹ ስም ይለያያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይያዙ፦ እርማት የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ወረቀቱን ሳያዩ ሲስተሙ ላይ ምንም ነገር አይቀይሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መምህሩ በእጁ የሞላው የስም መጥሪያ፣ ዋናው ወረቀት
- የአርፋጅ መዝገብ (በር ላይ ወይም ዩኒት ሊደሩ ጋ የሚያዘው)
- የፈቃድና የሕክምና ወረቀቶች ፋይል
- የዓመቱ የትምህርት ካላንደር፣ የኢትዮጵያና የፈረንጆች ቀን ጎን ለጎን ያለበት
- በዓመቱ መሀል የገቡ፣ የለቀቁና ሴክሽን የቀየሩ ተማሪዎች ዝርዝር
- በራስዎ ስም የተከፈተ ሎግ ኢን
- ኤክሴል ያለው ኮምፒውተርና አንድ ፍላሽ
- የእርማት ቅጽ (አሠራሩን ደረጃ 6 ላይ ያገኙታል)

ከእነዚህ ሁሉ የሚናቀው የአርፋጅ መዝገቡ ነው። ግማሹን ክርክር የሚፈታው ግን እሱ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ከሌለው ዛሬውኑ አንድ ደብተር አስምረው ለጥበቃው ይስጡ፦ ስም፣ ክፍል፣ የገባበት ሰዓት።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይነኩ ቅጂ ያውጡ

የሚያጣሩትን ሴክሽንና ጊዜ መርጠው ሪፖርቱን ኤክስፖርት ያድርጉ (ከሲስተሙ ወደ ፋይል ያውጡት)። ፋይሉን በቀኑ ሰይመው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ለምሳሌ «7ለ ኅዳር ከእርማት በፊት» ይበሉት። ይህ ቅጂ የሚያስፈልገው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛ፣ እርማቱ ሲበላሽ ወደ ነበረበት ለመመለስ። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደተቀየረ ለማመሳከር።

ፋይሉን ኤክሴል ላይ በቀጥታ ሲከፍቱት የአማርኛው ስም ሁሉ የማይነበብ ምልክት ከሆነ አይደንግጡ። ዳታው አልጠፋም። ዝም ብለው ይዝጉት፤ ሴቭ እንዳያደርጉት ብቻ ይጠንቀቁ። ባዶ ኤክሴል ይክፈቱ፣ «ዳታ» ውስጥ ይግቡ፣ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» የሚለውን ይምረጡና ፋይሉን ያምጡ። «ፋይል ኦሪጅን» በሚለው ሳጥን ላይ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሲመርጡ ፊደሉ ይስተካከላል።

ደረጃ 2፦ ካላንደሩንና ሰዓቱን ያጣሩ

ስሞቹ ጋ ከመድረስዎ በፊት ቀኖቹን ይመርምሩ። ካላንደሩ ከተሳሳተ ስህተቱ የአንድ ልጅ ሳይሆን የክፍሉ ሁሉ ነው፤ አንድ በአንድ ሲያርሙ መዋል ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

*በዓላት።* እንደ ጥምቀት (ጥር 11) እና ዓድዋ (የካቲት 23) ያሉት በሲስተሙ «ዝግ» ተብለው መሞላታቸውን ይዩ። የኢድ አልፈጥር ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን ቁርጡ የሚታወቀው ዋዜማው ላይ ነው። ካላንደሩ በመስከረም ተሞልቶ ከሆነ የኢዱን ቀን ተመልሰው ማስተካከልዎ አይቀርም። ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ይመልከቱት። በወሩ ውስጥ ሲስተሙ 22 ቀን ክፍት ነው ይላል፤ ከእነዚህ 2ቱ ግን በዓል ነበሩ። ልጁ የቀረው 3 ቀን ነው። ትክክለኛው ስሌት 3 ለ20፣ ማለትም 15 በመቶ ነው። በዓሎቹ «ቀሪ» ተብለው ከተቆጠሩ ግን 5 ለ22 ይሆንና ወደ 23 በመቶ ይጠጋል። ወላጅ የሚጠራው በዚህ ቁጥር ነው።

*የቀን ልወጣ።* ብዙ ሶፍትዌር ውስጡ የሚሠራው በፈረንጆች ካላንደር ነው። የ2018 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ። የ2016ቱ ግን ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ ከፊቱ የነበረችው ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት። የቆየ የቀን ሰንጠረዥ ገልብጦ የሚጠቀም ሰው በእንዲህ ያለው ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይስታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሪፖርቱ ላይ እሁድ የተመዘገበ አቴንዳንስ ካለ ቀኑ ተንሸራቷል። ቅዳሜም ያው ነው፤ የማካካሻ ትምህርት ካልነበረ በስተቀር።

*ኤክሴል የሚሠራው ጉድ።* የኢትዮጵያ ቀን በቁጥር ከጻፉለት ኤክሴል የፈረንጅ ቀን ይመስለዋል። ጥቅምት 29 ቀን 2017 አርብ ነበር፤ ትምህርት ነበረ። ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ በሚያነብ ኤክሴል ላይ 29/2/2017 ብለው ሲጽፉት ግን ፌብሩዋሪ 29 ብሎ ያነበዋል፤ በ2017 ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ዓምዱን በዓይንዎ ቢያዩት ይለዩታል፦ ሌሎቹ ቀኖች ሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግተው ሳለ እሱ ብቻውን ወደ ግራ ተለጥፎ ይታያል። በቀን ፊልተር ሲያደርጉ ያ ቀን ከነተማሪዎቹ ይቀራል። ስለዚህ ወይ የፈረንጁን ቀን ይጠቀሙ፣ ወይ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ።

*ሰዓት።* የማርፈጃ ሰዓቱ 2፡30 ነው ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በሰዓቱ የገባው ልጅ ሁሉ አርፋጅ ይሆናል። 8፡30 ተብሎ መሞላቱን ያረጋግጡ።

*ፈረቃ።* ጠዋትና ከሰዓት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ፈረቃው የተቀየረበትን ሳምንት ለይተው ይዩ። ክፍሉ ወደ ከሰዓት ዞሮ ሲስተሙ ላይ የጠዋቱ ፕሮግራም ካልተነሳ ያን ሳምንት መላው ክፍል ቀሪ ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ባዶውን ከቀሪው ይለዩ

አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብለው ይሥሩት።

«ቀሪ» ማለት መምህሩ ስም ጠርቶ ልጁ አልነበረም ማለት ነው። «ባዶ» ማለት ግን ማንም ምንም አልመዘገበም ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፣ መምህሩም ሴቭ ሳያደርግ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሶፍትዌር ባዶውን እንደ ቀሪ ይቆጥረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ገጹ ሲከፈት ሁሉንም «ተገኝቷል» ብሎ ይጀምርና መምህሩ የቀሩትን ብቻ እንዲነካ ይጠብቃል። እዚህኛው ላይ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል፤ የቀረ ልጅ ተገኝቶ ይገኛል። ለዚህ ደግሞ ማንም ወላጅ ደውሎ አያማርርም፤ ስለዚህ እርስዎ ካልፈለጉት ሳይታወቅ ይቀራል።

የእርስዎ ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሴክሽን ይክፈቱና አቴንዳንስ ያልተሞላበትን ቀን ይፈልጉ። ሪፖርቱ ላይ ያ ቀን እንዴት እንደተቆጠረ ይዩ። ይህንን አንዴ ካወቁ ለዓመቱ ይበቃዎታል። ባዶ ያገኙትን ቀን ሁሉ በቅጂው ላይ ቀለም ይቀቡት።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ድምር፣ ከዚያ ስም

የ50 ተማሪ ስም ለ20 ቀን አንድ በአንድ ማመሳከር ያደክማል፤ ዓይንም ያታልላል። ይልቅ ከወረቀቱ ላይ የየቀኑን የቀሪ ብዛት ይቁጠሩ፤ ሲስተሙ ከሚለው ጋር ያስተያዩ። ድምሩ የገጠመበትን ቀን ለጊዜው ይለፉት። ያልገጠመበትን ቀን ብቻ ከፍተው ስም በስም ይሂዱ።

ድምር ገጥሞ ስም የሚለያይበት አጋጣሚም አለ፤ የአንዱ ቀሪ በሌላው ላይ ሲጻፍ። በተለይ አንድ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ልጆች ካሉ ይህ ይከሰታል። እነሱን ድምሩ ቢገጥምም በመለያ ቁጥራቸው ይዩዋቸው። የአያት ስም ካለ የተሻለ ነው።

ወረቀቱን ሲያነቡ የተደረበ ምልክት ይፈልጉ። መምህሩ ጠዋት «ቀ» (ቀሪ) ይጽፋል። ልጁ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይገባል። መምህሩ በዚያው እስክሪብቶ «ቀ»ው ላይ «አ» (አርፋጅ) ይደርብበታል። ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን «ቀ» ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኙ አይገምቱ፤ የአርፋጅ መዝገቡን ይክፈቱ።

ደረጃ 5፦ በቡድን የመጡ ስህተቶችን ይፈልጉ

አንዳንድ ስህተት ተነጥሎ ሲታይ እውነት ይመስላል፤ አንድ ላይ ሲታይ ነው የሚጋለጠው። እነዚህን ይፈልጉ፦

- *የሰርቪስ ልጆች።* በአንድ ቀን ከተለያየ ክፍል ቀሪ የሆኑት ልጆች አንድ ሰርቪስ የሚጠቀሙ ከሆነ መኪናው ዘግይቶ ነበር ማለት ነው። እንደኛ ዳር ሰፈር መንገዱ ጭቃ ሲሆን ወይም ቀለበት መንገዱ ሲዘጋጋ ይህ ያለ ነው። ልጆቹ በሁለተኛው ፔሬድ ገብተዋል፤ የመጀመሪያው ፔሬድ ምልክት ግን ሳይነሳ ይቀራል።
- *አዲስ የገቡ።* ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ልጁን ኅዳር ላይ ያስመዘግባል። የመግቢያ ቀኑ በትክክል ካልተሞላ ሲስተሙ ከመስከረም ጀምሮ ያሉትን ቀኖች ቀሪ ይለዋል። እዚህ የሚታረመው የመግቢያ ቀኑ ነው። አቴንዳንሱን አይንኩት፤ ቀኑ ሲስተካከል ራሱ ይስተካከላል።
- *ሴክሽን የቀየሩ።* ልጁ ከ7ሀ ወደ 7ለ ሄዷል። 7ለ ውስጥ ይማራል፤ 7ሀ ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ይቀራል። ከድሮው ሴክሽን የወጣበትን ቀን ያስገቡ።
- *ፊደል የተለያየ ስም።* «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው። «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ»ም እንደዚሁ። ፈልገው ያጡት ልጅ አልተመዘገበም ብለው ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመዘግቡት። በመለያ ቁጥር ይፈልጉ።

ደረጃ 6፦ የእርማት ቅጹን ይሙሉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ የተማሪው ስምና መለያ ቁጥር፣ ክፍል፣ የነበረው፣ የሚሆነው፣ ማስረጃው፣ የመምህሩ ፊርማ፣ የፈቀደው ኃላፊ ፊርማ። ማስረጃ የሚለው ላይ «መምህሩ ነግሮኛል» አይጻፍ። «የስም መጥሪያ ገጽ 4» ወይም «የአርፋጅ መዝገብ፣ 3፡05 የገባ» ተብሎ ይጻፍ።

ይህ ቅጽ እርስዎን ይጠብቃል። ከወራት በኋላ «ማን ቀየረው?» ሲባል መልሱ ከእርስዎ ትዝታ ሳይሆን ከወረቀቱ ይመጣል። ልጁንም ይጠብቃል፤ ነገ ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ያረሙትን መልሶ እንዳያበላሽበት።

ማስረጃ ያልተገኘለት ቀን ካለ እንዳለ ይተውት። ቅጹ ላይ «ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ያስፍሩት።

ደረጃ 7፦ እርማቱን ያስገቡ

1. በራስዎ ስም ይግቡ።
2. ሴክሽኑንና ቀኑን ይምረጡ። ከመንካትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ የፈረንጁና የእኛ ቀን የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።
3. ልጁን በመለያ ቁጥሩ ያግኙ።
4. ምልክቱን ይቀይሩ። ረድፉን አይሰርዙ፤ ከሰረዙት ቀኑ ባዶ ይሆንና ደረጃ 3 ላይ ያየነው ችግር ይመለሳል።
5. ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ካለ የቅጹን ተራ ቁጥር ይጻፉ።
6. ሴቭ ያድርጉ፤ ከገጹ ወጥተው ተመልሰው ይግቡና መቀየሩን ይዩ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ስክሪኑ የተቀየረ ይመስላል፤ ዳታው ግን አልሄደም።

ሲስተሙ የቆየ ቀን አላስነካም ካለ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጊዜው ተቆልፏል። እንዲከፍትልዎ ፈቃድ ያለውን ኃላፊ ይጠይቁ፤ ሥራው ሲያልቅም እንዲዘጋው ያስታውሱት።

ደረጃ 8፦ እንደገና ያውጡና ያመሳክሩ

ሪፖርቱን ድጋሚ ኤክስፖርት ያድርጉ። ከደረጃ 1 ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ያድርጉት። የተቀየሩት ቦታዎች ቁጥር ቅጹ ላይ ካሉት ረድፎች («ማስረጃ አልተገኘም» ከተባሉት በስተቀር) ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የመግቢያ ወይም የመውጫ ቀን ያስተካከሉላቸውን ልጆች ለብቻ ይዩአቸው። ከበለጠ ያልታሰበ ነገር ተነክቷል፤ ካነሰ ሴቭ ያልሆነ አለ። ሲገጥም ለክፍል ኃላፊው ያሳዩና ያስፈርሙ። ወላጅ ጠይቆ ከነበረ ውጤቱን ለእሱ ይንገሩት፤ ያልተቀየረም ከሆነ ለምን እንዳልተቀየረ ያስረዱት።

ማስጠንቀቂያ

*በስልክ ልመና አያርሙ።* «ቲቸር፣ ልጄ እኮ አንድ ቀን አልቀረም፤ ባክህ አስተካክልልኝ» የሚሉ እናት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በአክብሮት ይስሟቸው፤ ቀኑን ይጠይቁ፤ ይመዝግቡ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይሂዱ። ልጁ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ያልደረሰበት ቀን ካለ ያ መረጃ ለእናትየዋ ከምንም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ዝም ብለው «ተገኝቷል» ካሉት ደብቀውባቸዋል።

*ፈቃድ መገኘት አይደለም።* የሕክምና ወረቀት ያመጣ ልጅ «በፈቃድ ቀሪ» ነው የሚባለው። «ተገኝቷል» ብለው ከቀየሩት ልጁ ያመለጠውን ፈተና ለምን እንዳልወሰደ መምህሩ ሊገባው አይችልም።

*ፓስወርድ አይዋዋሱ።* ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል። በጓደኛዎ ስም የሠሩት እርማት ጓደኛዎን ነው የሚያስጠይቀው።

*የቀሪ ዝርዝር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉ።* የአንዱ ልጅ መቅረት ለሌላው ወላጅ ወሬ መሆን የለበትም። ለሚመለከተው ወላጅ ብቻ ለብቻው ይላኩ።

*ሁሉንም በአንዴ የሚቀይረውን ቁልፍ ይፍሩት።* የሚጠቅመው ለዝግ ቀን ብቻ ነው። ከመጫንዎ በፊት ሴክሽኑና ቀኑ በትክክል መመረጡን ሌላ ሰው ጠርተው ያሳዩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ሴሚስተሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ትልቁ ነው። መምህሩ ያለፈ ሳምንት ማን እንደዘገየ ያስታውሳል፤ የመስከረሙን ግን አያስታውስም። አርብ አርብ በአንድ ክፍት ፔሬድ የሳምንቱን ይጨርሱ።

ኤክሴሉ ላይ አርሞ ሲስተሙን መተውም አለ። ኤክሴሉ ቅጂ ነው፤ ካርድ የሚታተመው ከሲስተሙ ነው።

ልጁን ከሲስተሙ አጥፍቶ እንደ አዲስ መመዝገብ ደግሞ አለ። ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ከአቴንዳንሱ ጋር ውጤቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስሙ ሁለት ቦታ ከተመዘገበ የትኛው ላይ ውጤት እንዳለ አይተው ሌላውን እንዲያቦዝነው ለአድሚኑ (ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው ሰው) ይንገሩት።

ካርድ ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝ

አካሄዱ ያው ነው፤ ፈቃዱን ግን ርዕሰ መምህሩ ራሱ ይፈርምበት። ሲስተሙ ላይ ካረሙ በኋላ ሮስተሩን (የክፍሉን የተማሪዎች ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) እና በተማሪው ማህደር ውስጥ ያለውን ቅጂም አብረው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ልጁ መሸኛ ሲጠይቅ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይወጣል። አዲሱን ካርድ አትመው ለወላጅ ይስጡ። አሮጌውን ተቀብለው «የተሻረ» ብለው ይጻፉበትና ከእርማት ቅጹ ጋር በስቴፕለር አያይዘው ማህደሩ ውስጥ ያስቀምጡት።